የሜፕል ፊት፣ የዋንዛ ጀርባ፦ ባሕር ዳር ላይ ጊታር ሳሠራ ያየሁት

ያሠራሁትን ኤሌክትሪክ ጊታር ከተረከብኩ አምስት ወር አለፈኝ። እስካሁን ሳልጽፍ የቆየሁት ክረምቱን ሲያልፍ ማየት ስለፈለግሁ ነው። አዲስ የእንጨት ዕቃ በመጀመሪያው ሳምንት ሁሉም ያምራል። ዝናብ ገብቶ ሲወጣ ነው የሚለየው። አሁን ኅዳር ነው፣ ዝናቡም ወጥቷል፣ ስለዚህ ያየሁትን ልንገራችሁ።

የሠሩልኝ ባሕር ዳር ውስጥ የሚሠሩ አንድ አናጺ ናቸው። ዕድሜያቸው ስልሳን አልፏል። ዋና ሥራቸው ከበሮ፣ ክራርና መሰንቆ ነው፤ አልፎ አልፎ መቋሚያም ይሠራሉ። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የተሰበረ የጊታር አንገት መጠገን ጀመሩ፣ ከዚያ ቀስ እያሉ አዲስ ወደ መሥራት ገቡ። የእኔው አራተኛቸው ነው። ስማቸውን እንዳልጽፍ ለምነውኛል፤ ብቻቸውን ነው የሚሠሩት፣ ወረፋውም አሁንም ረጅም ነው። ባሕር ዳር ያላችሁ ሙዚቀኞች ብትጠያየቁ ግን ታገኟቸዋላችሁ።

ፍርዴን አስቀድሜ ልበል። እንጨት በመምረጥ እንደ እሳቸው ያለ ሰው አላጋጠመኝም። ቀጠሮ በማክበር ግን ደካማ ናቸው። ስለ ቀጠሮው በኋላ እመለስበታለሁ፤ ዋናው ልጽፍበት የፈለግሁት እንጨቱ ነው፣ ምክንያቱም ጊታር ላሠራ ብሎ የሚነሳ ሰው ገንዘቡን የሚያጠፋው እዚህ ላይ ነው፣ የሚሸወደውም እዚሁ ላይ ነው።

ሜፕል እኛ አገር የለም። የካናዳ ባንዲራ ላይ ያለችው ቀይ ቅጠል የእሱ ቅጠል ናት። ዝርያው ብዙ ቢሆንም ለጊታር ሁለቱን መለየት ይበቃል። አንዱ በሰሜን አሜሪካ ምሥራቁ በኩል የሚበቅለው ጠንካራው ሜፕል ነው፤ ያ ፈረንጆች ፓንኬክ ላይ የሚያፈሱት ሽሮፕ የሚወጣው በተለይ ከዚህ ዛፍ ነው። ደርቆ ሜትር ኩቡ 700 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ሌላው በምዕራቡ የፓስፊክ ዳርቻ፣ ከካሊፎርኒያ እስከ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ የሚበቅለው ባለ ሰፊ ቅጠሉ ነው። እሱ ለስለስ ይላል፣ ሜትር ኩቡም 550 ኪሎ አካባቢ ነው። ሻጮች ሁለቱንም «ሜፕል» ብለው ነው የሚጽፉት። ለአንገት የምትፈልጉት የመጀመሪያውን ነው፣ ለፊት (የጊታሩ አካል ላይ ከፊት ለሚለጠፈው ጣውላ) ግን ሁለተኛውም ያምራል፣ እንዲያውም ብዙ ጊዜ ይበልጣል።

አብዛኛው ሜፕል ነጣ ያለ፣ ጭረቱ (የእንጨቱ የውስጥ መስመር) ቀጥ ያለ፣ ዓይን የማይስብ ጣውላ ነው። ከስንት ግንድ አንዱ ግን ጭረቱ ቀጥ ብሎ በመውጣት ፈንታ እየተወላገደ እንደ ሞገድ ያድጋል። ያንን ሰንጥቃችሁ ስታለሰልሱት የሞገዱ አንዱ ጎን ብርሃኑን ይመልሳል፣ ሌላው ጎን ይውጠዋል። ለዚህ ነው ጣውላውን ስታዘነብሉት የበራው መስመር የሚጠቁረው፣ የጠቆረው የሚበራው። ሐር ጨርቅ በእጃችሁ ስታወዛውዙ የሚሆነውን አስቡት። ቀለም አይደለም፣ ብርሃን ነው፤ ይህን አንዴ ከያዛችሁ ፎቶ አይቶ መግዛት ለምን አደገኛ እንደሆነ ወዲያው ይገባችኋል።

ዓይነቶቹን በአጭሩ። ነበልባል የሚሉት ከዳር እስከ ዳር የሚሄድ መስመር መስመር ያለው ነው፤ የቫዮሊን ጀርባ ላይ የምታዩት እሱ ነው። ግንዱ ከመሃሉ ወደ ልጡ አቅጣጫ ሲሰነጠቅ ነው ጎልቶ የሚወጣው። ሌላው መስመር የለውም፤ ጣና ላይ በማለዳ ለስላሳ ነፋስ ሲነካው ውሃው የሚሠራው ዓይነት እብጥ እብጥ ያለ መልክ ነው ያለው። ይሄኛው በተቃራኒው ልጡን ተከትሎ ሲሰነጠቅ ነው የሚያምረው፣ በብዛትም የሚገኘው ከባለ ሰፊ ቅጠሉ ሜፕል ነው። የወፍ ዓይን የሚባለው ደግሞ በጠንካራው ሜፕል ላይ የሚገኝ፣ ምስር የተበተነበት የሚመስል ባለ ነጠብጣብ ነው። አራተኛው ሻጋታ የገባበት ነው፣ በቀለም የተሳለ የሚመስል ጥቁር መስመር ያለበት። ያምራል፣ ግን ሻጋታው እንጨቱን ከውስጥ እየበላ ነው ያን መስመር የሠራው፤ ጥፍራችሁን ብትጫኑበት የሚገባበት ቦታ ይኖራል። እኔ አልገዛውም።

ይህ ሁሉ ለጊታር ተፈላጊ የሆነበት ታሪክም አለው። የአሜሪካው ጊታር ሠሪ ኩባንያ ጊብሰን፣ ሌስ ፖል የተባለውን ጊታር በ1952 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሲያወጣ ፊቱ ሜፕል ነበር፣ ግን በወርቃማ ቀለም ተሸፍኖ እንጨቱ አይታይም ነበር። በ1958 ቀለሙን አሳላፊ አደረጉት። ከሥር ያለው እንጨት ታየ። እስከ 1960 ድረስ የተሠሩት እነዚያ ጊታሮች ዛሬ በመቶ ሺዎች ዶላር ነው የሚሸጡት። ከዚያ ወዲህ ባለ ነበልባል ፊት ያላየው ጊታሪስት፣ አይቶም ያላማረው ያለ አይመስለኝም። እኔንም አማረኝ፣ ከአሥር ዓመት በላይ።

የመጀመሪያውን እንጨት የገዛሁት ብቻዬን ነው። ከሁለት ዓመት በፊት፣ ኢንተርኔት ላይ ከሚሸጥ አንድ ነጋዴ። «አምስት ኤ» የሚል ደረጃ ተጽፎበታል። ፎቶው እሳት ነው። 180 የካናዳ ዶላር ከፈልኩ፣ አንድ ወዳጄ በሻንጣው አመጣልኝ። ስፈታው ሌላ እንጨት መሰለኝ። መስመሩ አለ፣ ግን ደብዛዛ ነው፣ አንደኛው ጫፍ ላይ ጨርሶ ይጠፋል። ፎቶው እንጨቱ ውሃ ተቀብቶ፣ ብርሃን ከጎን ተደርጎበት፣ ከዚያም ቀለሙ በኮምፒውተር ተጋግሎ የተነሳ ነው። ይባስ ብሎ በደንብ አልደረቀም ነበር። ሳሎን ግድግዳ ላይ አስደግፌው ሦስት ሳምንት ሳይሞላው እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ ጎበጠ። ለሻጩ ጻፍኩለት፣ «እንጨት ተፈጥሮ ነው» ብሎ መለሰልኝ። ገንዘቤም በዚያው ቀረ።

አምስት ኤ፣ ሦስት ኤ፣ ማስተር ግሬድ የሚባለው ደረጃ ሁሉም ሻጭ በየራሱ የሚለጥፈው ነው። የጋራ መለኪያ የለውም። የአንዱ ሦስት ኤ ከሌላው አምስት ኤ ሊበልጥ ይችላል። ፊደሉን ሳይሆን ጣውላውን ነው ማየት።

የጎበጠውን ይዤ ነው አናጺው ዘንድ የሄድኩት፣ ማቃናት ይቻል እንደሆነ ልጠይቅ። ያዙት፣ ክብደቱን በእጃቸው መዘኑ፣ ጫፉን በጣታቸው ዳበሱ፣ ከዚያ «በፎቶ ነው የገዛኸው?» አሉኝ። አዎ ስላቸው «ፎቶ አዘንብዬ ማየት አልችልም፤ ሰው ላክበት» አሉ። እዚያው ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የተገናኘነው።

ሰው ነበረኝ። ታናሽ እህቴ የምትኖረው ቫንኩቨር ነው፣ ለገና ልትመጣ ቲኬት ቆርጣለች። እንጨት የሚሸጥበት ቤት እንድትሄድልኝ ለመንኳት። እንጨት መርጣ አታውቅም፣ ግን እሺ አለች። ቪዲዮ ደወለችልን፤ እዚያ ከጠዋቱ አራት ሰዓት፣ እኛ ጋ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ነበር። አናጺው መነጽራቸውን አድርገው ከጎኔ ተቀምጠዋል። ቀጥሎ የሆነውን በዝርዝር የምጽፈው ማንም ሰው ሊያደርገው ስለሚችል ነው፤ ዘመድ ውጭ ያላችሁ ሁላችሁ።

ከመሄዷ በፊት የጊታሩን ቅርጽ በልኩ ካርቶን ላይ አስቆርጠናታል፣ መሃሉ ባዶ የሆነ ክፈፍ። ጣውላው ላይ ስታስቀምጠው ከቅርጹ ውጭ የሚቀረው ተሸፍኖ ጊታሩ ላይ የሚቀረው ብቻ ይታያል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ብዙ ጣውላ የሚያምረው ዳሩ ላይ ነው፣ ዳሩ ደግሞ ተቆርጦ የሚጣል ነው። መሃሉ ላይ ደግሞ ፒክአፕ (የክሩን ድምፅ የሚቀበለው) እና ብሪጅ (ክሮቹ ከታች የሚታሰሩበት) ይቀመጥበታል፤ ስለዚህ ውበቱ ከመሃሉ መገጣጠሚያ ጀምሮ እስከ ክንዱ ማረፊያ ድረስ ሳይቋረጥ መሄድ አለበት።

«ልጄ፣ ውሃ አለሽ?» አሏት። «በጠርሙስ አለኝ አባባ።» «ትንሽ በእጅሽ ርጭ አድርጊና ቀቢው።» ውሃ የነካው እንጨት ቫርኒሽ ሲቀባ የሚኖረውን መልክ ለጥቂት ደቂቃ ያሳያል። ያ ነጋዴም ያደረገው ይህንኑ ነው፣ ልዩነቱ እሱ ያሳየው በአንድ በኩል ብቻ መሆኑ ነው። ቀጥለው ወደ መስኮቱ እንድታዞረውና ቀስ ብላ እንድታዘነብለው ነገሯት። ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ላይ። የሚፈለገው ብርሃኑ ሲዞር የማይሞት እንጨት ነው። አንዳንዱ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ያበራና ዘንበል ሲል እንደ ካርቶን ይሆናል። መድረክ ላይ መብራት ከየትም ነው የሚመጣው፣ ሠርግ ላይ ደግሞ የባሰ ነው።

ከዚያ «ጫፉን አሳዪኝ» አሉ። እኔ ፊቱን ብቻ ነበር የማየው። እሳቸው ግን ከፊቱ ይልቅ ጫፉ ላይ ቆዩ። ጫፉ ላይ የዛፉ የዕድሜ ቀለበት ይታያል፤ ቀለበቱ በየት በኩል እንደሚያልፍ እንጨቱ ወደ የት ሊጎብጥ እንደሚችል ይነግራል። ፀጉር የምታህል ስንጥቅም መጀመሪያ የምትታየው ጫፍ ላይ ነው። አንዱን ጣውላ፣ ከሁሉም በላይ እኔን የማረከኝን፣ በዚች ስንጥቅ ጣሉት። አዘንኩ፣ እውነት ለመናገር። ያኔ ቪዲዮው ላይ ስንጥቁ ለእኔ አልታየኝም ነበር። እህቴ ጠጋ ብላ በጥፍሯ ስትነካው ነው ያመንኩት።

ፊቱ የሚሠራው ከሁለት ቁራጭ ነው። አንድ ወፍራም ጣውላ በመሃሉ ይሰነጠቅና እንደ መጽሐፍ ይገለጣል፤ ግራና ቀኙ በመስታወት እንደተያዩ ይሆናሉ። ሁለቱ በእርግጥ ከአንድ ጣውላ መሆናቸውን አረጋግጡ፤ ተመሳሳይ የሚመስሉ ሁለት ቁራጮችን አጋጥሞ የሚሸጥ አለ። አንድ ነገር ደግሞ አያስደንግጣችሁ፦ ሲገለጡ ቅርጹ ይገጥማል፣ ብርሃኑ ግን ይገለበጣል። ግራው ሲበራ ቀኙ ይጠቁራል። ጭረቱ በአንዱ በኩል ወደ እናንተ እየወጣ በሌላው በኩል ወደ ውስጥ እየገባ ስለሆነ ነው። ጉድለት አይደለም።

በመጨረሻ ሦስት ቀረን። አንዱ የጣናውን ሞገድ የመሰለ፣ ሁለቱ ነበልባል። አናጺው የመረጡት ከሦስቱ ዋጋው ትንሽ የሆነውን ነው፤ 95 ዶላር። መስመሩ መካከለኛ ነው፣ ጮክ ብሎ አይጣራም፣ ግን ከላይ እስከ ታች እኩል ነው፣ በየትም ቢዞር አይሞትም። ለምን የጣናውን አልመረጡም ብዬ ጠየቅኳቸው። «እሱም ደግ ነው። ይሄ ግን ለመላግ ይሻለኛል፤ እጄን አውቃለሁ» አሉ። የራሱን እጅ ልክ የሚያውቅ ባለሙያ ማግኘት ትልቅ ነገር ነው።

አሁን የተከራከርንበት ጉዳይ፣ አንገቱ። እኔ አንገቱም ባለ ነበልባል እንዲሆን ነበር የፈለግሁት። ፊትና አንገት አንድ ዓይነት ሲሆኑ ያምራል፣ ዋጋውም ብዙ አይለይም። እሳቸው እንቢ አሉ። አንድ መደበኛ ስድስት ክር ተወጥሮ ሲቃኝ ጠቅላላ የመጎተት ኃይሉ ወደ 45 ኪሎ ነው። ይህን በስልኬ አሳየኋቸው፤ ቁጥሩ እኔን ይረዳኛል ብዬ ነበር። ሳቁና «ግማሽ ኩንታል ጤፍ ቀን ከሌሊት ተሸክሞ የሚቆም ነዋ፤ ለእሱማ ቀጥ ያለውን ስጠኝ» አሉኝ።

ትክክል ናቸው። ሞገዱ ለዓይን ያምራል፣ ለጉልበት ግን ይቀንሳል። ቀጥ ያለ ጭረት ከአንገቱ ራስ እስከ ግርጌ ሳይቋረጥ ይሄዳል፣ የተወላገደው ግን በየቦታው ወደ ላይ ይወጣና ይቆረጣል፤ በዚያ ላይ የአየሩ እርጥበት ሲለዋወጥ ሊጠማዘዝ ይችላል። ባለ ነበልባል አንገት የሚሠሩ ታላላቅ ሠሪዎች የሉም ማለቴ አይደለም፣ አሉ፤ ግን እነሱ እንጨቱን ለዓመታት አስቀምጠው ነው፣ ውስጡም የካርቦን ዘንግ ይጨምሩበታል። ሰኔና የካቲት ሁለት የተለያየ አገር የሚመስሉበት ባሕር ዳር ላይ፣ በአንድ ትረስ ሮድ (አንገቱ ውስጥ የሚገባ፣ እየተዞረ ጉብጠቱን የሚያስተካክል ብረት) ብቻ፣ እኔም አልሞክረውም። ጠንካራ ሜፕል፣ ጭረቱ ቀጥ ያለ፣ ቀለበቱ ጫፉ ላይ ሲታይ ቀጥ ብሎ የቆመ። 40 ዶላር። እህቴ ጣውላውን እንደ ጠመንጃ ወደ ዓይኗ አንስታ ጎኑን እያየች «ቀጥ ያለ ነው፣ እንደ ክር ነው» ስትል ነው የወሰንነው። ለሚያሠራ ሁሉ የምለው ይኸው ነው፦ የውበቱን ገንዘብ ፊት ላይ አውጡት፣ አንገት ላይ ቀጥ ያለውን ግዙ።

ሁለቱም ለገና በሻንጣ መጡ። ፊቱ ሁለቱ ቁራጭ አንድ ላይ አንድ ኪሎ ቢሆን ነው፣ አንገቱም እንደዚያው። አናጺው ወዲያው አልነኩትም። በጣውላዎቹ መካከል ቀጫጭን እንጨት እየከተቱ ከመሬት አንስተው አስቀመጡት፣ አየር በሁሉም በኩል እንዲያገኘው። ቅዳሜ ቅዳሜ በወጥ ቤት ሚዛን ይመዝኑና በእርሳስ እዚያው ጣውላው ላይ ይጽፋሉ። የፊቱ፦ 1020 ግራም፣ 1011፣ 1006፣ 1004፣ 1004፣ 1004። ቁጥሩ ሲቆም እንጨቱ የባሕር ዳርን አየር ለመደ ማለት ነው። እርጥበት መለኪያ መሣሪያ የላቸውም፣ ሚዛኑ ግን ይኸን በትክክል ይነግራል። ያ የመጀመሪያው እንጨቴም እንዲህ ስድስት ሳምንት ተኝቶ ቢሆን ኖሮ እርጥብ መሆኑን ሚዛኑ ቀድሞ ይነግረኝ ነበር።

ለጀርባው ምን እናድርግ ሲባል ማሆጋኒ አንፈልግም ተባባልን። ዋንዛ እያለ? ጎጃም ውስጥ ከበሮውም፣ ገበታውም፣ ቀፎውም፣ በሩም ዋንዛ ነው። ቀላል ነው፣ ለመሮ ይታዘዛል፣ ከደረቀ በኋላ ብዙ አይላወስም። አዲስ ዋንዛ ማስቆረጥ ግን አልፈለግንም። ዛፉ እንደ ልብ የሚገኝ አይደለም፤ ዘጌ ጫካ ውስጥ ቡናው የተጠለለው በእሱና በመሰሎቹ ሥር ነው። ፍሬውን ሳይለቅም ያደገ የገጠር ልጅ የለም። ሞጣ ያለው የአያቴ ቤት ፈርሶ ሲሠራ የድሮው በር ተነስቶ ግርግዳ ተደግፎ ነበር። ከእኔ በዕድሜ የሚበልጥ፣ በመጥረቢያ የተጠረበ፣ አምስት ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የዋንዛ በር። አያቴን አስፈቅጄ አመጣሁት። «በሬን ዘፈን ልታደርገው ነው?» ብላ መረቀችኝ።

አናጺው መጀመሪያ ያደረጉት በሩ ላይ ማግኔት ማንሸራተት ነው። ሦስት የተሰበረ ምስማር አገኙ። አሮጌ እንጨት የምታመጡ ይህን አትርሱ፣ አንድ ምስማር መጋዝ ይጨርሳል። ከተላገ በኋላ የወጣው ቀለም ቀላ ያለ ቡናማ ነው፤ ከነጩ ሜፕል ጋር ጎን ለጎን ስታዩት ሁለቱ የተፈላለጉ ይመስላል።

መላጉ ላይ ብዙ ነገር ተማርኩ። የተወላገደ ጭረት በየትም በኩል ብትልጉት ከፊሉ ተቃራኒ ነው፣ ስለዚህ መላጊያው ያነሳዋል፣ ጥፍር የሚያህል ጉድጓድ ይተዋል። ማሽን ውስጥ ቢገባ ደግሞ የባሰ ይገሸለጣል፤ ጎረቤት ያለው ቤት ማሽን ነበረው፣ አናጺው ግን አልሰጡም። ምላጩን በየደቂቃው እየሳሉ፣ ጣውላውን በእርጥብ ጨርቅ እያበሱ፣ መላጊያውን አግድም ይዘው እንደ ወረቀት የሳሳ ፍቅፋቂ ብቻ እያነሱ ሁለት ቀን ሙሉ ላጉት። የመጨረሻውን ያወጡት ከአሮጌ መጋዝ በተቆረጠ ብረት ፍቀው ነው። ከስምንት ሚሊ ሜትር ወደ ስድስት ወረደ። ከዚያ በኮላ ዋንዛው ላይ ተጣብቆ በሞርሳ ተወጥሮ አደረ።

ቀለሙ ላይ እኔ ሰማያዊ ነበር ያልኩት። «በቁራጩ ላይ እንሞክረው» አሉ። አምስት ቁራጭ ላይ አምስት ቀለም ሞከርን። ሰማያዊው ቁራጭ ላይ ያምር ነበር፣ ዋንዛው አጠገብ ሲቀመጥ ግን ተጣሉ። ያሸነፈው የጠጅ ቀለም ነው። አቀባቡ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ በአልኮል የሟሟ ጥቁር ቡናማ ቀለም ሙሉ በሙሉ ይቀባል፤ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት መልሶ ይፈገፈጋል። ሞገዱ አፉን ወደ ላይ የከፈተበት ቦታ ቀለሙን ጠጥቶ ስለሚይዝ እዚያ ይቀራል፣ ሌላው ይነጣል። በዚያ ላይ ቢጫው ይቀባል። መስመሩ ከእንጨቱ ውስጥ እየመጣ ይመስላል። ቡናማው ከበዛ ግን እንጨቱ የቆሸሸ ይመስላል፣ ፋብሪካ የሠራው ብዙ ጊታር ላይ ይህ ስህተት አለ። አጨራረሱ ቀጭን ቫርኒሽ ነው፣ በስፕሬይ። ወፍራም ፕላስቲክ የለበሰ ጊታር ስጠላ።

ድምፁስ? እዚህ ላይ እውነቱን መናገር አለብኝ። ነበልባሉ ድምፅ አይጨምርም። ኤሌክትሪክ ጊታር ላይ ፒክአፑ የሚሰማው የክሩን መንቀጥቀጥ ነው፤ ሦስት ኤ ይሁን አምስት ኤ አያውቅም። ከድሮው ጊታሬ ፒክአፖቹን አውጥተን ነው የገጠምነው፣ ስለዚህ ማነጻጸር ቀላል ነበር። አምፑ (የድምፅ ማጉያው) ላይ ሲሰካ ድምፁ ከድሮው ብዙ አይርቅም። አንድ ኖታ ይዤ ስቆይ ትንሽ ረዘም ይላል፤ ትዝታ ላይ፣ ቀስ ባለ ዜማ፣ ያ ጥቂት ጊዜ ለእኔ ዋጋ አለው። ግን ያ የመጣው ከአንገቱና ከአገጣጠሙ ጥብቀት ይመስለኛል። ማንም ሻጭ «ይህ እንጨት ድምፁ ይጣፍጣል» ብሎ በነበልባሉ ዋጋ ሲጨምርባችሁ አትቀበሉ። ለዓይናችሁ ግን ክፈሉ፤ እኔ ጊታሩን በየቀኑ የማነሳው ስለሚያምር ነው፣ በየቀኑ ስላነሳሁት ደግሞ እጄ ተሻሽሏል።

አሁን ቅሬታዬ። ለፋሲካ ይደርሳል ተባለ። የደረሰው ሰኔ መጀመሪያ ነው። መብራት የሚጠፋበት ቀን እንደነበር አውቃለሁ፣ ከበሮ የሚያሠሩ አብያተ ክርስቲያናትም ቀድመው ነበር፤ ግን «አልደርስም» ብሎ አንድ ስልክ መደወል ይቻል ነበር። እኔ ስደውል ብዙ ጊዜ አያነሱም፣ እየሠሩ ስልክ አይዙም። ሰው በአካል መሄድ አለበት። ሁለተኛ፣ ክሮቹ ራሱ አጠገብ የሚያርፉባት ትንሿ አጥንት ላይ ሦስተኛው ክር ጠልቆ ተቆርጦ ነበር፣ ባዶውን ስመታው ይንጫጫል። ስነግራቸው አልተከራከሩም፤ እዚያው ከበሬ አጥንት ሌላ ቆርጠው ሠሩ፣ ገንዘብም አልጠየቁም። ሦስተኛ፣ ኤሌክትሪኩን አይነኩም። ሽቦውን ሌላ ሰው ዘንድ ወስጄ ነው ያሠራሁት። ይህን ከመጀመሪያው ቢናገሩ ጥሩ ነበር።

ዋጋ ለሚጠይቁ፦ የእጅ ሥራው 28,000 ብር። ፊትና አንገቱ 135 የካናዳ ዶላር፣ ብሪጁ፣ መቃኛዎቹ፣ ፍሬቱ (አንገቱ ላይ በአግድም የሚገባው ቀጭን ብረት) እና ትረስ ሮዱም ከውጭ ነው የመጡት። ዋንዛው የአያቴ ምርቃት። ግማሹን ቀብድ ይቀበላሉ፣ ወረቀት አይጽፉም፣ እኔ ግን በራሴ ጽፌ ሁለታችንም ፈርመናል፣ ደስ እያላቸው ነው የፈረሙት። እናንተም ጻፉ።

መሄድ የምትፈልጉ እንጨታችሁን ይዛችሁ ሂዱ፣ ወይ ሳትገዙ በፊት ቪዲዮውን አብረዋችሁ እንዲያዩ ጠይቁ። ጠዋት ሂዱ። ከቀትር በኋላ መላጊያ ከያዙ ቀና አይሉም። ያንን የጎበጠውን የመጀመሪያ እንጨቴንም አልጣሉትም። ቆራርጠው ለክራር ራስ ጌጥ አድርገውታል፤ ሁለት ክራር ላይ ተለጥፎ አየሁት፣ በትንሽ በትንሹ ሲሆን ያምራል።

ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲበረታ አንገቱ ትንሽ ወደ ኋላ ሄደ፣ ክሮቹ ወረዱ፣ አምስተኛው ፍሬት አካባቢ መንጫጫት ጀመረ። ትረስ ሮዱን ሩብ ዙር አላላሁት፣ ጸጥ አለ። መስከረም ሲያልቅ ያንኑ ሩብ መለስኩት። መሃሉ ላይ ያለውን መገጣጠሚያ በጥፍሬ እየዳበስኩ ፈለግሁት፤ ዓይኔ ያየዋል፣ ጥፍሬ ግን አላገኘውም።